የአርባ ሰከንድ ለቅሶ

እሑድ ማርች ዘጠኝ ቀን፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቴክሳስ ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ ከአንድ የጥፍር ማሳመሪያ ቤት አጠገብ ባለችው የድልድይ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ የነበሩት ሰዎች አራት ናቸው፦ የጣቢያው ባለቤትና አዘጋጅ ባርናባስ፣ ዜና አንባቢዋ ሔራን፣ ካሜራ ማኑ ኖላዊ እና የፖሊስ መርማሪው እንድሪያስ። ከጠረጴዛው ላይ የጎደለው ጣቢያው የቀረጸው ሁሉ የሚከማችበት፣ የጫማ ሣጥን የሚያህል ጥቁር ሃርድ ድራይቭ ነበር። ከጎኑ የነበሩት ሁለት ካሜራዎችና አንድ ላፕቶፕ አልተነኩም።

«በሩ አልተሰበረም» አለ እንድሪያስ።

«አልተሰበረም» አለ ባርናባስ።

«ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ።»

ሔራን ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንዱ ደግሞ ውጭ የውሃ ቆጣሪው ክዳን ሥር ነው።»

«እሱን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ማለቴ… ለቃለ መጠይቅ የሚመጡ እንግዶች በር ላይ እንዳይቆሙ ብለን ነግረናቸዋል።»

«ስንት እንግዶች?»

ሔራን በጣቷ መቁጠር ጀመረችና ተወችው። «በሦስት ዓመት ውስጥ?»

እንድሪያስ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋው፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ከፈተው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአባቱ ጋር አሜሪካ መጥቶ በዳላሱ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ያደገ፣ በፖሊስነትም አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የሐበሻ ጉዳይ በመጣ ቁጥር አለቃው «ያንተ ሰዎች ናቸው» እያለ ይወረውርለታል። ያንተ ሰዎች የተባሉት ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ሲጠየቁ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ ከዚያ ሌላ ነገር ይመልሱለታል።

«የጠፋው መቼ ነው?»

«እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆልፌ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ» አለ ባርናባስ።

«እኔ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቼ አጣሁት» አለች ሔራን።

«ስምንት ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

«በሐበሻ።»

«በአዲሱ ነው በድሮው?» የዚያን ዕለት ጠዋት አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታለች።

«ውይ» አለች ሔራን። «የመኪናዬን ሰዓት አልቀየርኩትም።»

እንድሪያስ «በግምት» ብሎ ጻፈና ወደ ካሜራ ማኑ ዞረ። ኖላዊ ጥግ ላይ ቆሞ ገመድ ይጠቀልላል። ቀጭን፣ ሲናገር ወለል ወለሉን የሚያይ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። በዲቪ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ በትርፍ ጊዜው ለባርናባስ ይቀርጻል።

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የቅዳሴውን ላይቭ የምቀርጸው እኔ ነኝ። በአዲሱ ሰዓት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከካሜራው አልተነቃነቅኩም። ቪዲዮው በቤተ ክርስቲያኑ ገጽ ላይ አለ።»

«ተባረክ» አለ እንድሪያስ። «ዛሬ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።»

ባርናባስ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኧረ ምን ትደክማለህ! ሌባዋን አውቃታለሁ። ዊንታ ትባላለች። ዓርብ ዕለት እዚሁ ቆማ ‘እኔን ካላወጣችሁ ቤቱን አቃጥለዋለሁ’ ብላለች። ሔራን ምስክር ናት።»

«ከምን ውስጥ ነው የምታወጧት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር እትዬ ፋንታዬ የተባሉ፣ ሁሉን የሚያስጠጉ ሴት ዐርፈው በአዳራሽ ትልቅ ለቅሶ ተቀመጠ። ባርናባስም ካሜራውን ይዞ ሄደ። ሐበሻ በቴክሳስ እንዴት እንደሚያዝን የሚያሳይ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ሠርቶ ረቡዕ ማታ ሊያስተላልፈው ነበር። በመካከሉ ዊንታ አርባ ሰከንድ ታለቅሳለች።

«የዝግጅቱ ነፍስ እሷ ናት» አለ ባርናባስ። «እንደዚያ ያለ ለቅሶ ተፈልጎ አይገኝም።»

«ኮፒ የለህም?»

«ላደርግ ነበር።»

«ፈቅዳለች?»

«ፈርማለች!» ባርናባስ ከመሳቢያው ሁለት በስቴፕል የተያያዙ ወረቀቶች አወጣ። የፊተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፈቃድ ፎርም ነው፤ ምስሌን በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ቦታ ማሳየት ይቻላል ይላል። የኋለኛው የአርባ ሦስት ሰው ስምና ፊርማ ነው። እንድሪያስ የስሞቹን አናት አነበበ፦ በለቅሶው የተገኙ የእድር አባላት።

«ባርናባስ፣ ይህ የእድር ስም መቆጣጠሪያ ነው።»

«ፊርማ ፊርማ ነው።»

«ደግሞም ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ያሉትን የጻፈው አንድ እጅ ነው። ዊንታም እዚያ ውስጥ ናት።»

ባርናባስ ወረቀቱን ተቀብሎ ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው። «እሱን እኔ አላውቅም» አለ።

የጥፍር ቤቷ ባለቤት ቬትናማዊት ከእነሱ ሁሉ የተሻለች ምስክር ሆና ተገኘች። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም በፈረንጅ፣ በአዲሱ፣ አንድ ብርማ ቶዮታ ከስቱዲዮው በር ላይ ፓርክ አድርጎ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሄዷል። ሾፌሩን አላየችም።

እንድሪያስ አመስግኗት ወጣ። ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ካለው ሐበሻ ግማሹ የሚነዳው ብርማ ቶዮታ ነው። የእንድሪያስ ሚስትም የምትነዳው እሱን ነው።

*

ዊንታ ሰኞ ጠዋት በሩን የከፈተችው መታወቂያውን በመስኮት ካየች፣ ፖሊስ ጣቢያም ደውላ እውነተኛ መርማሪ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው። ይህን ሁሉ እስክታደርግ እንድሪያስ በቪከሪ ሜዶው አፓርታማ ደረጃ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመ። ከታች ያለው የፖስታ ሣጥኗ ስም የለውም። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ መጋረጃው በጠራራ ቀን ተዘግቷል።

«ሃርድ ድራይቩን ወስደሻል?»

«ብወስደው ደስ ባለኝ።»

«ይህን መልስ ብለሽ ነው?»

«የጠየቅከኝን ነው የመለስኩልህ።» ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ለሥራ ለብሳለች፤ ግራንድ ፕሬሪ ባለ መጋዘን ከሰዓት በኋላ ትገባለች። ብርቱካናማ ሰደርያዋ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስም በትልቁ ተጽፏል።

«ለቅሶው ላይ እሱን ለብሰሽ ነበር?»

«ያን ቀን ከጠዋት ሥራ ነዋ በቀጥታ የሄድኩት። እትዬ ፋንታዬ እዚህ ከተማ ስገባ ስምንት ወር ያኖሩኝ ሴት ናቸው። ልብስ ልቀይር ብዬ ቤት ብገባ ለቅሷቸው ያመልጠኝ ነበር።» እጅጌዋን ሰበሰበች። «ባሌን ጥዬ ነው ከሚኒሶታ የወጣሁት። ይህ ክንዴ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አገኘኝ፤ ሁለት ጊዜ ከተማ ቀየርኩ። ዳላስ ሦስተኛዬ ነው። እሱ ደግሞ የሐበሻ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አያመልጠውም። ፊቴ አለ፣ የምሠራበት ቤት ስም ጀርባዬ ላይ አለ። ከዚህ በላይ አድራሻ ምን አለ?»

«መቀረጽሽን ማን ነገረሽ?»

«እትዬ አባይነሽ። ባርናባስ ስቱዲዮው ውስጥ አሳይቷቸው፣ ‘አንቺም አለሽበት፣ እያለቀስሽ እንዴት እንደምታምሪ’ ብለው ደስ ብሏቸው ደወሉልኝ።»

«ለባርናባስ ይህን ሁሉ ነግረሽዋል?»

«ስለ ባሌ? ለቴሌቪዥን ሰው? ነገ እሱንም ሊያስተላልፈው? ‘አልፈልግም፣ አውጣኝ’ አልኩት። ፈርመሻል አለኝ። እኔ ከቤቴ ውል በቀር የፈረምኩት ወረቀት የለም።»

«ጠበቃ አላናገርሽም?»

«ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ለማርች ሃያ ስምንት።»

እንድሪያስ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «የምስሉ ጉዳይ ለፖሊስ የሚቀርብ አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ነው። እኔ የያዝኩት የስርቆቱን ጉዳይ ነው።»

«ሶ፣ የሰውየው ሣጥን ሲወሰድ ፖሊስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመጣል። የኔ ፊት ሲወሰድ ሦስት ሳምንት ቀጠሮ።»

እንድሪያስ ደብተሩን ገለጠ። የሥራውን ጥያቄ ጠየቀ። «እሑድ ከሦስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ቪዲዮው ላይ አላየሁሽም።»

«አታየኝም። ካሜራው የማይደርስበት የልጆች ክፍል ኮሪደር አለ፤ እዚያ ነው የማስቀድሰው።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«እንዳልታይ አይደል እንዴ እዚያ የምቆመው!»

እስካሁን ከጠየቃቸው ሰዎች እሑድ የት እንደነበረች ማስረዳት የማትችለው እሷ ብቻ ሆነች። እንድሪያስ ይህን ጻፈ።

*

እትዬ አባይነሽና የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ መዝገቡ ቀኑን የሚያሳልፉት በአረጋውያን መዋያ ነው። እንድሪያስ ሲደርስ ቢንጎ እየተጫወቱ ነበር፤ እትዬ አባይነሽም ሦስት ካርድ ይዘው ማንም እንዲያናግራቸው አልፈለጉም።

«እትዬ፣ ይህን ስም የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

መነጽራቸውን አደረጉ። «እኔ ነኝ። ምነው?»

«የዘጠኝ ሰው ስም ጽፈው ፈርመዋል።»

«ታዲያስ? ግማሹ ምግብ ያቀርባል፣ ግማሹ ያለቅሳል። ወረቀቱ ሲዞር የሌለ ሰው ቀረ ተብሎ ስሙ ይሰረዝ? ዊንታ ደግሞ እንባዋን ማቆም አቅቷታል። እንዴት ብዬ ‘ነይ ፈርሚ’ ልበላት? ጻፍኩላት። በጎ ነው የሠራሁት!»

«ባርናባስ በዚህ ወረቀት በቴሌቪዥን ለመታየት ፈቅዳለች እያለ ነው።»

የእትዬ አባይነሽ አፍ ተከፈተ። ቀስ ብለው ወደ ጋሽ መዝገቡ ዞሩ። «መዝገቡ! የእድሩን ወረቀት ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ለመታሰቢያ ኮፒ ላድርገው አለኝ!» አሉ ጋሽ መዝገቡ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ከወንበሩ አስደግፈዋል። «ደግሞ ይህን ሰምቼ ቅዳሜ ደውዬ ሰድቤዋለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው የለቅሶ ወረቀት የሚነግድበት?»

«ጋሽዬ፣ መኪናዎ ምንድን ነው?»

«ቶዮታ።»

«ቀለሙ?»

«ብርማ። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«እሑድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጉልበቴ አላስነሣ ብሎኝ ተኝቼ ዋልኩ። ብቻዬን።»

እንድሪያስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የቅዳሴውን ቪዲዮ እሑድ ማታ አንድ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶታል። ጋሽ መዝገቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከፊት ቆመዋል፤ ከዘራም አልያዙም።

«ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም?»

«አልነበርኩም አልኩህ እኮ! ለእግዚአብሔር ልዋሽ?»

ከመዋያው ሲወጣ ራሱን አመመው። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብለው የዋሹት ሰዎች በሥራ ዘመኑ ብዙ ናቸው። አልነበርኩም ብሎ የሚዋሽ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ብርማ ቶዮታ ያለው፣ ባርናባስን የተሳደበ፣ ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ በሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለ ሰው።

አለቃው ደወለ። «የቪዲዮ ሣጥን ጠፋ የተባለው እንዴት ሆነ? ሁለት ቀን ፈጀህ።»

«አንዷ ነበርኩ ትላለች፣ አልታየችም። አንዱ አልነበርኩም ይላሉ፣ ይታያሉ።»

«ያንተ ሰዎች» አለ አለቃው።

*

ማክሰኞ ጠዋት እንድሪያስ ቪዲዮውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተ። ሁለቱን ጊዜ ፊት እየለየ ሲያይ ድምፁን ዘግቶት ነበር፤ በዚህኛው ማዳመጫ አደረገ። ካሜራው መቅደሱንና የፊተኛውን ረድፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ቅዳሴው አለቀ። ጋሽ መዝገቡ ቆመዋል። ከካሜራው ውጭ ያሉት መዘምራን መዝሙር ጀመሩ። እንድሪያስ ሻዩን አንሥቶ ሊጠጣ ሲል ከበሮው ተመታ።

ሻዩን አስቀመጠ።

ልጅ ሆኖ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበር። በዓመት ውስጥ በጣም የሚጠላው ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው፤ ከበሮው በጨርቅ ተሸፍኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ እስኪፈሰክ ማንም አይነካውም። ያለፈው እሑድ ደግሞ ምኩራብ ነው፤ ጾሙ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው። በምኩራብ እሑድ ከበሮ የሚመታ ቤተ ክርስቲያን በዳላስም፣ በየትም የለም።

ለዲያቆኑ ደወለ።

«እሑድ ላይቭ ነበር?»

«ኧረ አልነበረም። ኖላዊ ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ ብሎ ከቅዳሴ በኋላ ጫነው። ምነው?»

«አይተኸዋል?»

«እኔማ እዚያው ነበርኩ፣ ምን ብዬ አየዋለሁ?»

እንድሪያስ ስልኩን ዘጋ። ጋሽ መዝገቡ እውነታቸውን ነው። ዊንታም እውነቷን ነው። ከሁሉ አንጀቱን ያሳረረው፣ የዋሸው ሰው ተባረክ ብሎ የመረቀው መሆኑ ነው።

*

ኖላዊን ያገኘው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። መኪናው ብርማ ቶዮታ ነው።

እንድሪያስ ከጎኑ ገብቶ ተቀመጠ። «እሑድ ቅዳሴ ላይ ከበሮ ነበር?»

«ጾም አይደል እንዴ? ምን ከበሮ አለ?»

እንድሪያስ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፈተው። ድም፣ ድም አለ።

ከፊታቸው ያሉት መኪኖች ሁለት ጊዜ ወደፊት ተጠጉ፤ ኖላዊ አልተከተላቸውም። ከኋላ ያለው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ።

«ድምፁን ሳልሰማ ነው የጫንኩት» አለ ኖላዊ በመጨረሻ። «የጃንዋሪ ቪዲዮ ነው።»

«የእሑዱንስ ለምን አልተጠቀምክም? ካሜራውን ከፍተኸው ብትሄድ ራሱ ይቀርጽ ነበር።»

«ከፍቼው ነው የሄድኩት። ስመለስ አንዷ እናት ሶኬቱን ነቅላ ስልኳን ቻርጅ አድርጋበታለች።»

እንድሪያስ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ሃርድ ድራይቩስ?»

«የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ።»

«ለምንድን ነው እንዲህ ያደረግከው?»

ኖላዊ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ለቅሶው ላይ ፊቷን በእጇ ከለል አድርጋ ‘ወንድሜ፣ እባክህ እኔን አታንሣኝ’ አለችኝ። ‘ችግር የለም እህቴ’ አልኳት። ካሜራዬንም አዞርኩ። ጥግ ላይ ያቆምኩትን ሁለተኛውን ካሜራ ግን ረሳሁት። እሱ ቀረጻት። እሷ እኔን አምና ነው እጇን አውርዳ ያለቀሰችው።»

«ለባርናባስ አልነገርከውም?»

«ስንት ጊዜ! እንቁረጠው አልኩ። ፊቷን እንሸፍነው አልኩ። ወንጀለኛ ትመስላለች አለኝ። ዓርብ መጥታ ስትጮህ እኔ ውስጥ ገመድ እየጠቀለልኩ ነበር። እንዳታየኝ ተደበቅኩ።» ድምፁ ወረደ። «ፋይሉን ብቻ ላጠፋው ነበር፤ ፓስወርዱን የሚያውቀው ባርናባስ ብቻ ነው። እንዳልሰብረው ደግሞ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ሠርግና ክርስትና አለበት። እትዬ ፋንታዬ በሕይወት እያሉ የሰጡት ቃለ መጠይቅ አለበት። እንዴት ብዬ ልስበረው?»

«ወረቀትህ እንዴት ነው?»

«የዜግነት ኢንተርቪው ኤፕሪል አሥራ አራት አለኝ።»

እንድሪያስ በረጅሙ ተነፈሰ። «ኖላዊ፣ ኖላዊ። ለእኔ ደውለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

እንድሪያስ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ሊከፍት ወረደ።

*

ወሬው እንድሪያስ ፖሊስ ጣቢያ ሳይደርስ ደረሰ። አሥር ሰዓት ላይ ባርናባስ፣ ጋሽ መዝገቡና እትዬ አባይነሽ መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለማስታረቅ፣ ባርናባስ ዕቃውን ለመውሰድ ነው። እንድሪያስ በትንሿ ስብሰባ ክፍል ከኖላዊ ጋር አስቀመጣቸው። ሃርድ ድራይቩ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ሽማግሌዎቹ ከኖላዊ ጋር እስኪነጋገሩ ባርናባስን ወደ ኮሪደር አወጣው።

«አርባ ሰከንድ ነው። ቁረጠውና ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሂድ።»

«አልቆርጥም።»

«ሴትዮዋ የምትሸሸው ሰው አለ። ከዚህ በላይ ልነግርህ አልችልም።»

«ሁሉም የሚሸሸው ነገር አለው!» አለ ባርናባስ። «አንዷ ጸጉሬ አልተሠራም፣ አውጣኝ ትላለች። አንዱ ለአለቃዬ አሞኛል ብዬ ነው ለቅሶ የሄድኩት ይላል። አንዱ ከቀድሞ ሚስቴ አጠገብ ቆሜአለሁ ይላል። ሁሉንም ባወጣ ባዶ አዳራሽ ነው የማሳየው። በሕዝብ ፊት ያለቀሰ ሰው በሕዝብ ፊት አለቀሰ፣ በቃ። ወረቀትም አለኝ።»

«ወረቀቱ የእትዬ አባይነሽ ነው።»

«ፍርድ ቤት ትክሰሰኛ!»

እንድሪያስ የስብሰባ ክፍሉን በር ከፈተለት። ተመለሱ።

ጋሽ መዝገቡ ጉዳዩን ጨርሰውት ነበር። «ስማ ባርናባስ። ልጁ ተሳስቷል። በእኛ ፊት ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ አንተም ክስህን ታነሣለህ። የሰው አገር ላይ እርስ በርሳችን አንካሰስም።»

ባርናባስ ክራቫቱን አስተካከለ። «ለእናንተ ስል። ይቅርታ ከጠየቀ ትቼዋለሁ። ካልጠየቀ ግን እስከ መጨረሻው እሄድበታለሁ፤ በሥራዬ ፊት መናቅ አልወድም።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ አባይነሽ። «በል ተነሥ ኖላዊዬ።»

ኖላዊ አልተነሣም። የታሸገውን ከረጢት ያያል። «ኦፊሰር» አለ። «ክሱ ከተነሣ ዕቃው መቼ ነው የሚመለስለት?»

«ፈርሞ ዛሬውኑ ይወስደዋል።»

«ካልተነሣስ?»

እንድሪያስ ጥያቄው የት እንደሚሄድ ያኔ ገባው። ከሁለት ቀን ወዲህ የመልስ ጥማት ይዞት ነበር፤ ይህን መልስ ግን ባይሰጥ በወደደ። «ማስረጃ ነው። ጉዳዩ እስኪያልቅ እኛ ዘንድ ይቆያል። ብዙ ወር ሊፈጅ ይችላል።»

«ኦኬ።»

«ኖላዊ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። የዜግነት ጉዳይ አለብህ። ከዚህች ክፍል ሳትወጣ የሚያልቅ ነገር ነው። ጠበቃ ሳታናግር ምንም መናገር የለብህም።»

«ገብቶኛል።» ኖላዊ ቀና ብሎ ባርናባስን አየው። እንድሪያስ ልጁን ወለሉን ሳያይ ሲናገር ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። «ይቅርታ አልጠይቅህም። አንተ የሰው ለቅሶ ነጋዴ ነህ። ነገ ባገኘው ነገም እሰርቀዋለሁ።»

ጋሽ መዝገቡ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አንተ ልጅ! አብደሃል?»

«ኧረ እባክህ አንድ ቃል ናት!» አሉ እትዬ አባይነሽ። «ካልሆነልህ እኔ ልበልልህ! ባርናባስ፣ ይቅርታ ብሎሃል…»

«አላልኩም፣ እትዬ» አለ ኖላዊ። «እባክዎን ስለ እኔ አይበሉልኝ።»

እትዬ አባይነሽ ቀና ሲሉ ልጁ ከረጢቱን ሲያይ አገኙት። ነገሩ ገባቸውና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ።

ባርናባስ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተነሣ። «ሰማችሁ አይደል? ሁላችሁም ሰምታችኋል! እንግዲያው በሕግ! ክሴን አላነሣም። ጻፍልኝ ኦፊሰር፣ አላነሣም ብሏል ብለህ ጻፍ!»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ እንድሪያስ።

«አላነሣም!»

እንድሪያስ ጻፈ። ባርናባስ ያለውን ቃል በቃል ጻፈና ወረቀቱን አዙሮ ሰጠው። «አንብበህ፣ በራስህ እጅ ፈርም» አለው። ባርናባስ ሳያነብ ፈረመ።

ረቡዕ ማታ ድልድይ ቴሌቪዥን በለቅሶው ዝግጅት ፈንታ ስለ ጥርስ አያያዝ የተደረገ የቆየ ቃለ መጠይቅ አሳየ። ኖላዊ በስርቆት ተከሰሰ፤ የኤፕሪሉ የዜግነት ኢንተርቪው ተሰረዘበት። ሃርድ ድራይቩ ተመዝግቦ ማስረጃ ክፍል ገባ። ዊንታ ሐሙስ ዕለት በሰዓቷ ሥራ ገባች።